ጋቢና ማን ነበር?

ግጥምና ልብ ወለድ ለሚወዱ ሰዎች ስለ ፍሬን ዘይት ማውራት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። አንባቢ ግን ይታገሠኝ። ባለፉት ዓመታት ከመጻሕፍት ቀጥሎ ትርፍ ጊዜዬን የወሰደችው አንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። ከእርሷ የተማርኩት ነገር ደግሞ ከመኪና አልፎ የሰውን ጠባይ የሚነካ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው። መኪናውን ለትራክ የሚያዘጋጅ ሰው ከጉልበቷ በፊት ፍሬኗን፣ ከማሻሻሉም በፊት ጥገናውን ማስቀደም አለበት። ብዙዎች ይህን የጣዕም ጉዳይ ያደርጉታል፤ እኔ ግን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው እላለሁ። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም "ልክ ነው" ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ስነቀንቅ ነበርኩ። እየነቀነቅሁ ሳለ አንድ ሰው ልገድል ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ትንሽ ላብራራ። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ "ትራክ ዴይ" የሚባል ልማድ አለ። ሰዎች የግል መኪናቸውን ይዘው ወደ ዝግ የውድድር ጎዳና ይሄዳሉ፤ ይከፍላሉ፤ የራስ ቁር ይደፋሉ፤ በየተራቸው ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ይነዳሉ። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። ከፊት ያለው ሹፌር እጁን አውጥቶ "እለፍ" ካላለ በቀር መቅደም ክልክል ነው። ጀማሪ ብቻውን አይለቀቅም፤ ልምድ ያለው አስተማሪ አጠገቡ ይቀመጣል። እኔ የምሄደው ከዋሽንግተን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት ነው። የዋናው ጎዳና ዙሪያ 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አሥር መታጠፊያዎች አሉት። ከአሥረኛው ሲወጡ 880 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ ይዘረጋል፤ መኪና የቻለችውን ያህል የምትሮጠው በዚያ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የሚዞረው ቁጥር አንድ መታጠፊያ ይጠብቃል። እዚያ ጠንክሮ ፍሬን መያዝ ግድ ነው።

መኪናዬ የ1999 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይከፈታል፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተሯ 140 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የመጀመሪያዋ ሚያታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ፣ ሠሪዎቿ የተመሩበት አንድ የጃፓን ሐሳብ ነበር፤ "ጂንባ ኢታይ" ይሉታል። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ስሰማ ፈገግ አልኩ። ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ጌታው በፈረሱ ስም ተጠራ እንጂ ፈረሱ በጌታው ስም አልተጠራም። "አባ" የሚለውን ቃልም ልብ ይሏል። አባት የሆነ ሰው መጋለብ ብቻ አይደለም ሥራው። ያበላል፤ ያጠጣል፤ ኮርቻውን ሲያወርድ ጀርባው ገጣባ እንዳያወጣ በእጁ ይዳስሳል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጋላቢ ነበርኩ እንጂ አባት አልነበርኩም።

ምን አደረግሁ? ድምፅዋ እንዲያምር ማርሚታዋን ለወጥኩ። ሞተሩ የሚስበውን አየር የሚያበዛ ቱቦ ገጠምኩ። ቀለል ያሉ ቸርኬዎች ገዛሁ። ወንበሩን በውድድር ወንበር ተካሁ። ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ላይም አዲስ ፕሮግራም አስጫንኩ። በየወሩ ከደሞዜ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠርኩ ያደረግሁት ነው። እሑድ እሑድ ወዳጆቼ ኮፈኑን ከፍተው ያደንቁ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው አደንቅ ነበር።

የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ግን አላውቅም ነበር። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የፍሬን ዘይት ድምፅ የለውም፤ አያብረቀርቅም፤ ኮፈን ከፍቶ "ዘይትህ እንዴት አምሮበታል" የሚል ወዳጅም የለም። ዋጋው ለሁለት ሰው ክትፎ ከሚከፈለው ያንሳል። የገንዘብ ነገር ቢሆንማ ኖሮ ሰበብ ባገኘሁ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው። ወደ ትራክ ከመግባት በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ። ጎማው ደህና ነው? የጎማው ዳዶ ጠብቋል? የፍሬን ዘይቱ በቅርቡ ተቀይሯል? በየጥያቄው ፊት ምልክት አድርጎ መጨረሻ ላይ መፈረም ነው። እኔም ሁሉም ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ስፈርም እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሰው በትንሽ ወረቀት ላይ የሚዋሸው ውሸት ውሸት አይመስለውም።

እዚህ ላይ ፍሬን ምን እንደሚሠራ ካልነገርኩ ቀሪው አይገባም። ፍሬን የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ሁለት ሰው የያዘች ሚያታ ከ160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 80 ስትወርድ በሦስት አራት ሴኮንድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ቡና አፍልታችሁ የምታውቁ ሁሉ ስንት ጀበና እንደሚሆን ገምቱት። ይህ በአንድ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ ጎዳናው ደግሞ አሥር አለው፤ መኪናዋም ደግማ ደጋግማ ትዞረዋለች። ዲስኩ ይግላል፤ ሙቀቱ በፍሬን ሸራው በኩል አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጣል። "ዶት 4" የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያስገድዳል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ የሚገፋው እንፋሎቱን ነው፤ ኃይሉ ጎማ ጋ አይደርስም። ከተማ ውስጥ ይህ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ያ አሮጌ ዘይት በቀይ መብራት ላይ መኪናን በሚገባ ያቆማል። የከተማ መንገድ ጉድለታችንን የሚሸፍንልን ደግ ጎረቤት ነው። ትራክ ግን አይሸፍንም።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የቀኑ አራተኛ ተራዬ። አጠገቤ የተቀመጡት አስተማሪዬ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ጠዋት ስንተዋወቅ ስለ ልጅ ልጃቸው ነግረውኛል። በአምስተኛው ዙር ላይ ፍሬኑ ትንሽ እንደ ለሰለሰ ተሰማኝ፤ ዝም አልኩ። በስድስተኛው ዙር ያንን ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ጨርሼ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። መኪናዋ አልቀነሰችም።

ሰው በዚያች ቅጽበት ብዙ ያስባል ይባላል። እኔ ያሰብኩት ያንን ፊርማ ብቻ ነው።

አስተማሪዬ "መሪውን አታዙር፤ ቀጥ በል፤ ደጋግመህ ርገጥ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ያን ጊዜም ከፍ አላለም። ረገጥኩ፤ ደግሜ ረገጥኩ፤ ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ አስፋልቱ አለቀ፤ ሣርና አፈር ውስጥ ገባን። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ስትቆም ከፊታችን ያለው የጎማ ግድግዳ ጥቂት እርምጃ ያህል ይርቅ ነበር። ማንም አልተጎዳም። አስተማሪዬ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ዘይቱ መቼ ተቀየረ?" ብለው ጠየቁ። "አላውቅም" አልኳቸው። በዚያ ቀን እውነት የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም፤ ከሰዓቱ ቀሪ ክፍል ግን ከሌላ ተማሪ ጋር ነበሩ።

ማታ ወደ አዲስ አበባ ደውዬ ለአባቴ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው ዛሬም በደንብ አላውቅም። አባቴ በወጣትነታቸው የኤንትሬ ሹፌር ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃምና ጎንደር ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው እኔ ደህና መሆኔን ስነግራቸው "ተመስገን" አሉ። ቀጥለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ጋቢና ማን ነበር?"

የምመልሰው አጣሁ። የጠየቁኝ ስም አልነበረም። ሰው ነበረ ወይ ማለታቸው ነው።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ጎሐ ጽዮን ላይ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ከዚያ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። ጭነት የያዘ መኪና በዚያ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ቢተማመን መጨረሻው ገደል ነው። አባቴ ወርደው መኪናውን ይዞሩታል፤ ጎማውን በዱላ መታ መታ ያደርጉታል፤ ጎንበስ ብለው ሥሩን ያያሉ፤ ረዳቱም ታኮውን በእጁ ይዞ ይከተላቸዋል። "ስንት ጊዜ ያዩታል?" ብዬ በልጅነት ድፍረት ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ አንተ ጋቢና ተቀምጠሃልና" አሉኝ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ እያልን እንወርዳለን። ሌሎች ሲያልፉን አፍር ነበር። እንዴት ያለ ሞኝ ልጅ ነበርኩ!

እንግዲህ ሐሳቤን የመሠረትኩት በዚህ ላይ ነው። በትራክ ወዳጆች ዘንድ ወሬው ሁሉ ስለ ማሻሻል ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ጥገና የድሀ ሥራ፣ ማሻሻል የባለሙያ ሥራ ሆኖ ይታያል። ግጥም የሚጽፍ ሰው የተሰበረውን ቤት ሳያቃና ጌጠኛ ቃል ቢጨምርበት ምን እንደሚባል እናንተ ታውቃላችሁ። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ያልታረመ ግጥም ሰው አይገድልም።

የእኔ ቅደም ተከተል ዛሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥገና፤ አዲስና ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይት፣ በውስጡ አየር እንዳይቀር ተደርጎ የተሞላ፤ በልኩ የሆነ የሞተር ዘይት፤ የማያፈስ ራዲያተር፤ የማይንገጫገጭ ኩሽኔታ። የሞተር ዘይት በልኩ ይሁን የምለው በምክንያት ነው። በረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ጎድሎ ከተገኘ ፖምፓው አየር ይስብና ሞተሩ በደረቁ ይፈጫል።

ሁለተኛ ማቆም። የከተማ ፍሬን ሸራ የትራክን ሙቀት አይችልም፤ የትራክ ሸራ ደግሞ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፤ ይጮኻልም። ስለዚህ ዋዜማውን ማታ እቀይራለሁ፤ ከተመለስኩ በኋላ እመልሳለሁ። ሥራው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ለእኔ የጸሎት ያህል ሆኗል።

ሦስተኛ ጎማ። ጎማ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል። በጠዋት የተለካው ልክ ከሰዓት በኋላ ልክ አይደለም፤ ከትራክ እንደወጡ ሳይበርድ መለካት ያስፈልጋል። የጎማ ዳዶም በግምት አይጠብቅም፤ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ይጠብቃል፤ ከየተራው በኋላም እንደገና ይታያል።

አራተኛ አካልን የሚጠብቁ ነገሮች፤ ጣሪያ ለሌላት መኪና ብትገለበጥ የሰውን ራስ የሚያድን የብረት ቅስት፣ የሚይዝ ቀበቶ፣ ጊዜው ያላለፈበት የራስ ቁር። አምስተኛ ሹፌሩ ራሱ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ አንድ ቀን ከጥሩ አስተማሪ ጋር ማሳለፍ ከብዙ ዕቃ ይበልጣል። ጉልበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚሸከመው ሸክም አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ጉልበት የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ከፍሬኑ ላይ ብድር እየወሰደ ነው።

"ይህ ፍርሃት ነው፤ ፍጥነትን የሚወድ ሰው እንዲህ አይቆጥርም" የሚሉኝ አሉ። ለእነርሱ የምጠራው ምስክር ጃኪ ስቱዋርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቤልጅግ ውስጥ በስፓ ፍራንኮርሻምፕስ ዝናብ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ከተሰባበረች መኪናው ውስጥ ተቀረቀረ። ቤንዚን በሰውነቱ ላይ እየፈሰሰ ነበር። ሊያወጡት የሮጡት ግራሃም ሂልና ቦብ ቦንዱራንት መሪውን የሚፈቱበት መፍቻ አልነበራቸውም፤ ከተመልካች ተውሰው ነው ያወጡት። ስቱዋርት ከዚያ በኋላ መፍቻ በመሪው ላይ ለጥፎ ይወዳደር ነበር። ለሹፌሮች ደኅንነት ሲሟገት ፈሪ ያሉት ነበሩ፤ እርሱ ግን በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መፍቻ መያዝ ፍጥነቱን አልቀነሰበትም።

ሌላም ወቀሳ አለ፤ ይህኛው የበለጠ ይከብደኛል። "በስደት አገር የተገኘ ገንዘብ ለመኪና ጨዋታ ይጠፋል? አገር ቤት ስንት ችግር እያለ!" ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ቅንጦት ነው፤ ጽድቅ ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቅንጦትም ቢሆን በአግባቡ ሊያዝ ይገባል። ፍጥነት የሚወድ ሰው ፍላጎቱ አይጠፋም፤ በዝግ ጎዳና፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄድበት፣ ሐኪም በተጠንቀቅ በቆመበት ካላወጣው እናትና ልጅ በሚሄዱበት አውራ ጎዳና ላይ ያወጣዋል። አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ማንም ፈቅዶ ከጎኑ አልተቀመጠም።

በሚቀጥለው ወር ወደ ሰሚት ፖይንት ስመለስ አስተማሪዬን ፈልጌ አገኘኋቸው። የተቀየረውን ዘይት፣ አዲሱን ሸራ፣ ቀኑን የጻፍኩበትን ደብተር አሳየኋቸው። ይቅርታም ጠየቅኋቸው፤ ስለ ፍሬኑ ሳይሆን ስለ ፊርማው። ደብተሩን ገልጠው አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ የራስ ቁራቸውን አንሥተው በቀኙ በር ገብተው ተቀመጡ። በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ የዚያን ያህል የከበደኝ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገሬ ሰው። ዛሬ ቅጹን ስሞላ በእያንዳንዱ መስመር ላይ እቆማለሁ። አባቴም ስደውልላቸው ስለ ጤናዬ ከጠየቁ በኋላ ስለ መኪናዋ ይጠይቃሉ። ስንት እንደሮጠች ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋቢና ማን እንደሚቀመጥ።